ዕርቅ ሳያይ የሚመረቅ የሰላም ባለሙያ

በሰላምና ግጭት አፈታት ማስተርስ የያዘ ሰው ሁለት የተጣሉ ጎረቤቶችን ማስታረቅ ካልቻለ ምን ተምሮ ነው የተመረቀው? ስድብ የሚመስላቸው አሉ። እኔ የምሬን ነው የምጠይቀው።

አንድ የቲሲስ ዲፌንስ ላይ ተገኝቼ ነበር፤ ዩኒቨርሲቲውን ልተወው። ርዕሱ ጉማ ነው፣ በኦሮሞ ባህል ደም የተቃቡ ቤተሰቦች የሚታረቁበት ሥርዓት። ተማሪው ጋልቱንግን አሳምሮ ተነተነ። አንዱ ፈታኝ «ጉማ ሲፈጸም አይተሃል?» አለው። አላየም። ሦስት ሽማግሌዎች አነጋግሯል፣ ያውም በአስተርጓሚ። «በጣም ጥሩ» ተብሎ አለፈ።

ልጁ ላይ አልፈርድም፤ ያልተጠየቀውን ከየት ያምጣ? ግን ያመለጠውን አስቡት። ሽማግሌ መጀመሪያ ሁለቱን ወገን ለየብቻ የሚሰማው ለምንድን ነው? ነገሩ ሊያልቅ ሲል ተነስቶ ሌላ ቀጠሮ የሚሰጠውስ? ሰነፍ ሆኖ አይደለም፤ ንዴት እንዲበርድ፣ ዘመድ ቤት ውስጥ እንዲመክር ነው። ዋስ ሲጠራ ማንን እንደሚመርጥ፣ የሟች እናት «አልታረቅም» ስትል ማን ሄዶ እንደሚለምናት፣ ይህ በቃለ መጠይቅ አይገኝም። ሽማግሌው ራሱ ተጠይቆ አይነግርህም፤ ለሱ ተራ ነገር ነዋ!

ጉድለቱም የሚታየው እዚያው ነው። ተደፍራ ወይም ተጠልፋ የተበደለች ልጅ አባቷ ካሳ ተቀብሎ «ታርቀናል» ሲባል፣ እሷን ማንም ሳይጠይቃት፣ ይህን በዓይኑ ያየ ተማሪ ባህላዊ ሽምግልናን በጅምላ አያሞግስም።

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሰላምና ደህንነት ጥናት ተቋም ከተመሠረተ ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ ስንት ዓመት ሆነ? በ2011 የሰላም ሚኒስቴርና የዕርቀ ሰላም ኮሚሽን፣ በ2014 የሀገራዊ ምክክር ኮሚሽን መጡ። መካከል ላይ ጥቅምት 2013 ጦርነት ተነሳ። ጦርነቱን ተመራቂዎች ያስቆሙት ነበር አልልም፤ ሊዋጋ የቆረጠን ፖለቲከኛ ዲግሪ አይመልሰውም። የኔ ጥያቄ ከዚያ በኋላ ነው። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ፕሪቶሪያ ላይ ተፈረመ። የተፈናቀለው ገበሬ ግን ቀዬው ሲመለስ እርሻውን ሌላ ሰው እያረሰው ቢያገኝ፣ ሁለቱ መካከል ማን ይቀመጥ? ፈራሚዎቹ አይመጡለትም። ሰው የሚሞተው እዚያ ድንበር ላይ ነው፤ ባለሙያ የሚያስፈልገውም እዚያ ነው። የኛ ባለሙያ ግን አዳራሽ ውስጥ ስልጠና እየሰጠ ነው፤ ከውሎ አበል ጋር።

«በዚህ የጸጥታ ሁኔታ ተማሪ የት ይላክ?» ትሉኛላችሁ። ገጠር ካልተቻለ ከተማው አለ። የውርስ ጠብ፣ የአከራይና ተከራይ ጭቅጭቅ ጎድሎ ያውቃል? የፌዴራል ፍርድ ቤቶች አዋጅ 1234/2013 ፍርድ ቤት መር አስማሚነትን ፈቅዷል፤ ስለ ግልግልና ዕርቅ ደግሞ አዋጅ 1237/2013 አለ። ተባባሪ ዳኛ፣ ፈቃደኛ ባለጉዳይና ትዕግሥት ነው የሚያስፈልገው።

እኔ የምለው ይህን ነው፦ ቢያንስ ሦስት ዕርቅ ከመጀመሪያው ቀጠሮ እስከ መጨረሻው ያልተከታተለ አይመረቅ፤ አንዱም እሱ ራሱ በሚሰማው ቋንቋ ይሁን። ከፈታኞቹም አንዱ ሽማግሌ ይሁን፣ የፈታኝ አበሉ እንደ ዶክተሮቹ ተከፍሎት። እዚህ ቻናል ላይ መምህራን እንዳላችሁ አውቃለሁ። ሰኔ ላይ ዲፌንስ ስትቀመጡ ስለ ቲዎሪው ከመጠየቃችሁ በፊት «ስንት ዕርቅ ላይ ተቀምጠሃል?» በሉት።