ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ያለውን ሌሊት አስቢ

ባለፈው እሁድ ዶውራ ቡና አፍልተን ተቀምጠን ሳለ አንዷ እህታችን ስልኳን አውጥታ ሁለት ፎቶ አሳየችን። አንዱ የዛሬ 14 ዓመት ለፓስፖርት የተነሳችው፣ ሌላው የዚያኑ ቀን ጠዋት የተነሳችው። «እናቴ በዚህ ፊት ስታየኝ ምን ትላለች? አገር ከመግባቴ በፊት ፊቴን ላስወጥር ነው» አለች። ገሚሶቻችን ሳቅን። «ቤትሽን ሳትሠሪ ፊትሽን?» ያለችም ነበረች። ልጅቷ ስልኳን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና እስክንለያይ አንድ ቃል አልተነፈሰችም።

እኔ አልሳቅኩም። ምክንያቱም እኔም ጠይቄ አውቃለሁ። የዛሬ ሦስት ዓመት አንድ ቅዳሜ ፈቃድ ጠይቄ ወጣሁና እዚህ «ሻድ ወጅህ» የሚሉትን፣ ፊት ማስወጠሩን ማለቴ ነው፣ ዋጋ ጠየቅኩ። 3,500 ዶላር አሉኝ። በወር 200 ዶላር ለሚከፈላት ሰው፣ ሳትበላ ሳትጠጣ፣ ለቤተሰብም ሳትልክ፣ ዓመት ከመንፈቅ ገደማ መሥራት ማለት ነው። ግን የመለሰኝ ገንዘቡ አይደለም። የመለሰኝ የማዳሜ ሌሊት ነው።

አስቀድሜ ሐሳቤን ልናገር። ፊቷን ማስተካከል የምትፈልግ እህት ላይ አንፍረድ፤ የገዛ ፊቷ ነው፣ የገዛ ላቧ ነው። ነገር ግን እኛ ይህን ነገር ስንወስን የምንጠይቀው ጥያቄ ማዳሞቹ ከሚጠይቁት የተለየ መሆን አለበት። እነሱ «ያምርብኛል ወይ?» ይላሉ። እኛ ከዚያ በፊት «በኋላ ማን ያስታምመኛል?» ማለት አለብን።

ቤይሩት ውስጥ ይህ ነገር ቀላል ይመስላል። በ2007 እ.ኤ.አ. አንድ የሊባኖስ ባንክ ለውበት ኦፕራሲዮን እስከ 5,000 ዶላር አበድራለሁ ብሎ እስከማስተዋወቅ ደርሶ ነበር። አፍንጫቸው ላይ ፕላስተር ለጥፈው ካፌ የሚቀመጡ ልጃገረዶችን ሁላችንም አይተናል። ይህን በየቀኑ ስናይ ጊዜ ፀጉር እንደመተኮስ ይመስለናል። አይደለም።

ማዳሜ የተሠራችው እኔ ክሊኒክ ሄጄ ዋጋ ከመጠየቄ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ነው። ሐኪሙ ከፀጉሯ ጠርዝ ጀምሮ በጆሮዋ ፊት ለፊት አልፎ፣ በጆሮዋ ሥር ዞሮ እስከ ኋላዋ ድረስ ቆዳውን ቀደደ። ከቆዳው ሥር ያለውን ሥጋ ስቦ ሰፋ፤ የተረፈውን ቆዳ ቆርጦ ጣለ። ጠዋት ገብታ ማታ ፊቷ በሙሉ ተጠቅልሎ፣ ከጆሮዋ ኋላ ደም የሚያወጣ ቀጭን ቱቦ ተንጠልጥሎባት ቤት መጣች።

ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ጠራችኝ። ግራ ጉንጯ እንደ ኳስ ተወጥሯል፤ ሕመሙ አላስቀምጥ ብሏታል። ሚስተርን ቀሰቀስኩት፣ መኪና አወጣ፣ ሆስፒታል በረርን። ስፌቱን ፈትተው የረጋ ደም አወጡ። ሐኪሙ «እስኪነጋ ብትጠብቁ ቆዳው ሊሞት ይችል ነበር» አለን። ከቆዳ ሥር ደም መጠራቀም የዚህ ኦፕራሲዮን ዋነኛው ችግር ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያው ቀንና ሌሊት ይመጣል። ግፊት ያለባት ሴት ላይ ደግሞ ይብሳል።

ከዚያ በኋላ ሁለት ሳምንት ሙሉ ሾርባ አጠጣኋት፤ በሦስት ትራስ ደግፌ አስተኛኋት፤ ጫማዋን ሳይቀር እኔ አጠለቅኩላት። ማጎንበስ፣ ዕቃ ማንሳት፣ ምድጃ አጠገብ መቆም ተከልክላለች። ፊቷ ሰማያዊ ሆነ፣ ከዚያ ቢጫ ሆነ። በአምስተኛው ቀን መስታወት አይታ አለቀሰች። በሦስተኛው ወር ግን አማረባት፤ አልዋሽም። ጆሮዋ አካባቢ ግን ደንዝዞ ብዙ ወር ቆየ።

እንግዲህ ያን ቅዳሜ መንገድ ላይ ቆሜ ያሰብኩት ይህን ነው። የማዳም አስታማሚ እኔ ነበርኩ። የኔ አስታማሚ ማን ነው? በሌሊት ስምንት ሰዓት ጉንጬ ቢያብጥ በሩ ተቆልፏል፤ ቁልፉ እኔ ጋር የለም። ፓስፖርቴ እነሱ ጋር ነው። በሁለተኛው ቀን ወለል ልወለውል አጎንብሳለሁ። የ1946ቱ የሊባኖስ የሥራ ሕግ በአንቀጽ 7 የቤት ሠራተኛን ከሕጉ ውጭ አድርጓታል፤ «ፊቴን ተሠርቼ ነው፣ ልተኛ» ብል የሚቆምልኝ የለም። ኢንሹራንሱም ለውበት ሥራ አይከፍልም፤ ነገሩ ቢበላሽ የማሳከሚያውም ዕዳ የኔው ነው።

ሌላም ነገር አለ። ፊት ማስወጠር የሚያነሳው የወረደ ጉንጭንና የላላ አንገትን ነው። ማድያት አያጠፋም። ከዓይን ሥር ያለውን ጥቁረት አያጠፋም። በነጭ ማድረጊያ ክሬም የተጎዳ ቆዳን አያድንም። እውነቱን ልንገራችሁ፣ የእህታችንን ሁለተኛ ፎቶ ሳየው ያየሁት ማድያትና የእንቅልፍ እጦት ነው። ለዚያ የሚያስፈልጋት የቆዳ ሐኪም፣ የፀሐይ መከላከያና ዕረፍት ነው። 3,500 ዶላር ከፍላ ያንኑ ማድያት ተወጥሮ ልታየው ነበር።

ስለዚህ ማንኛችንም ቀብድ ከመክፈላችን በፊት እነዚህን እንጠይቅ፦

1. የሚሠራኝ ሰው በሐኪሞች ማኅበር የተመዘገበ የፕላስቲክ ሰርጀሪ ሐኪም ነው? ወረቀቱን አሳዩኝ በይ። «የውበት ባለሙያ» የሚል ሰሌዳ አይበቃም።

2. እኔን የሚያስከፋኝ ነገር በርግጥ በዚህ ይስተካከላል? ምን ምንስ አይለወጥም?

3. ጆሮሽን ስትበሺ ወይም ስትቆረጪ ጠባሳሽ አብጦ ያድጋል? እንደኛ ጠቆር ባለ ቆዳ ላይ ይህ ይበዛልና ለሐኪሙ ሳትደብቂ ንገሪው። ግፊትሽን ተለኪ። አስፕሪንም ሆነ የምትጠጪውን የባህል መድኃኒት ተናገሪ። ሲጋራም ሆነ ሺሻ ካለ ከሳምንታት በፊት ይቁም፤ ቁስሉ እንዳይድን ያደርጋል።

4. ነርቭ ቢነካስ? አልፎ አልፎ ቅንድብ ወይም የከንፈር ጫፍ አልታዘዝ ይላል። አብዛኛውን ጊዜ በወራት ይመለሳል፤ አንዳንዴ ግን ሳይመለስ ይቀራል።

5. የምፈርምበት ወረቀት ምን ይላል? አረብኛ ማንበብ የምትችል የምታምኚያት ሰው ሳታነብልሽ አትፈርሚ። ደላላም ማዳምም አይተረጉሙልሽ።

6. ሌሊት ብታመም በስንት ቁጥር እደውላለሁ፣ ማንስ ይወስደኛል? ሁለት ሳምንት የት እተኛለሁ?

ለስድስተኛው መልስ ከሌለሽ፣ የቀሩት አምስቱ ቢሟሉም ጊዜው አይደለም እላለሁ።

«ታዲያ ለኛ ክልክል ነው ማለትሽ ነው?» የምትል ትኖራለች። አይደለም። የራሷ ቤት ተከራይታ የምትኖር፣ አብራት የምትሆን ጓደኛ ያላት፣ የወር ወጪዋን ያስቀመጠች ሴት አስባ ብታደርገው መብቷ ነው። አገር ገብታ፣ እናቷ አጥሚት እያጠጣቻት ለማድረግ የምታቆይም ትኖራለች። የማልስማማው ትኬት ቆርጦ በመጨረሻው ሳምንት መሠራት ላይ ነው። እብጠቱ ሳይወርድ፣ ስፌቱ ሳይፈታ አውሮፕላን ትሳፈሪያለሽ፤ አንድ ነገር ቢፈጠር የሠራሽ ሐኪም ሌላ አገር ነው። እናትሽም የምታየው የበለዘ ፊት ነው።

ኦፕራሲዮኑ ሲወደድባቸው ወደ መርፌ የሚሄዱም አሉ። በሰው ቤት፣ ሶፋ ላይ፣ ሐኪም ባልሆነ ሰው ፊለር የሚወጉ እህቶችን አውቃለሁ። ርካሽ ነው፤ ግን ፊለር የደም ሥር ውስጥ ከገባ ቆዳ ይገድላል፣ ዓይንም ሊያሳውር ይችላል። እዚያ ላይ እንኳ «አስቢበት» አልልም፤ ተዪው ነው የምለው።

ሰኞ ማታ ለዚያች እህታችን ደወልኩላት። መጀመሪያ ስለ ሳቁ ይቅርታ ጠየቅኳት። ከዚያ ማድያቷን የቆዳ ሐኪም እንዲያይላት ተስማማን፤ እኔ አብሬያት እሄዳለሁ። ስለ ኦፕራሲዮኑ ገና አልወሰነችም፤ ውሳኔው የሷ ነው። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ፦ «እናቴ በፊቴ ታዝናለች ብለሽ ታስቢያለሽ?» የእናቷን ልብ እኔ አላውቅም። የኔ እናት ግን ባለፈው በቪዲዮ ስታየኝ «በደንብ ትበያለሽ?» ነው ያለችኝ። ስለ ፊቴ አንድም ቃል አላነሳችም።

ጥያቄዎቹን በአረብኛ ጽፌያቸዋለሁ። የምትፈልጊ ካለሽ እሁድ ስብሰባው ላይ ፈልጊኝ።