ከጫት ማሳ ላይ ቀለብ ሲቆረጥ

ባለፈው ክረምት አንዲት ጎረቤቴን ተከትዬ ወደ አንድ የወረዳ ፍርድ ቤት ሄጄ ነበር። ከልጆቿ አባት ቀለብ ስትጠይቅ ምስክር ሆኜ ነው። የወረዳውን ስም አልጠራም፤ ከጭሮ ብዙ አይርቅም። ጎረቤቴ የትንሹን ልጇን ሳል እያስታገሠች በፌስታል የተጠቀለለ ደብተር እቅፏ ውስጥ ይዛለች። ውስጡ ትልቋ ልጇ፣ የ11 ዓመቷ፣ በእርሳስ የጻፈችው የወር ወጪ አለ። ዱቄት 2,400፣ የቤት ኪራይ 1,500፣ ዘይት 700፣ ከሰል 700፣ ደብተርና እስክሪብቶ 500፣ መድኃኒት 400፣ ሳሙና 200። ከታች ሁለት ጊዜ ተሰምሮበት 6,400 ብር ይላል። ስጋ የለበትም፤ ልብስም የለበትም።

በር ላይ የተቀመጠው ራፖር ጸሐፊ ደብተሩን ገለጥ አድርጎ አየና «አዴ፣ ይህ ማስረጃ አይሆንም፤ የእሱን ገቢ የሚያሳይ ወረቀት ነው የሚፈለገው» አላት። «የእሱ ገቢማ ጫት ነው ኦቦ፤ ጫት ወረቀት አለው እንዴ?» ብላ መለሰች።

የእኛን ነገር ሁሉ የያዘችው ይህች መልሷ ናት።

ከእሷ በፊት የአንድ መምህር ጉዳይ ተሰማ። ከትምህርት ጽሕፈት ቤት የመጣው የደመወዝ ማረጋገጫ መዝገቡ ውስጥ አለ፤ ዳኛው አነበቡት፣ የልጆቹን ቁጥር ጠየቁ፣ ቀለቡን ቆረጡ፣ ከደመወዙ በየወሩ ተቀንሶ ለእናትየዋ እንዲከፈል ለመሥሪያ ቤቱ ትእዛዝ ጻፉ። ሻይ ተጠጥቶ በሚያልቅበት ጊዜ አለቀ። ቀጥሎ የእኛ ገባ። መዝገቡ ውስጥ ያለው የቀበሌ ደብዳቤ ሰውየው «አንድ ቂንዲ የእርሻ መሬት እንዳለው፣ ሌላ ገቢ እንደሌለው» ይገልጻል። «ጫት» የሚል ቃል አንድም ቦታ የለበትም። እኔ ተጠራሁ። ጫቱን በአይሱዙ ሲያስጭን በዓይኔ አይቻለሁ አልኩ። ዳኛው «በዓመት ስንት ብር ያገኛል?» ብለው ጠየቁኝ። «አላውቅም» አልኩ። እውነቴን ነው፤ አላውቅም። ግን ያቺ «አላውቅም» ያልኳት ቃል ለሦስት ልጆች በወር 1,500 ብር ሆና ተፈረደች። በቀን 50 ብር ማለት ነው፤ ለአንድ ልጅ 17 ብር አይሞላም። ዛሬም ሳስበው ያንገበግበኛል።

ሕጉ ምን ይላል? የፌዴራሉ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ የሚሠራው በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ነው። እኛ ዘንድ የምንዳኘው በኦሮሚያ የቤተሰብ ሕግ፣ በአዋጅ ቁጥር 69/1995 እና በማሻሻያው ነው። በቀለብ ጉዳይ የሁለቱ መንፈስ አንድ ነው፤ ሁለቱም ከ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የወረሱት ሚዛን አላቸው። በአንዱ ወገን የተቀባዩ ችግር፣ በሌላው የሰጪው አቅም ይቀመጣል። ቀለብ ደግሞ እህል ብቻ አይደለም፤ መጠለያው፣ ልብሱ፣ ሕክምናው፣ ትምህርቱም ቀለብ ነው፤ እንደ አካባቢው ኑሮና ልማድ። የተቆረጠ ተመን ግን የለም። ለአንድ ልጅ ይህን ያህል በመቶ የሚል ቁጥር በሕጋችን ውስጥ አታገኙም፤ ለዳኛው ሕሊና የተተወ ነው።

ሌሎች አገሮች ይህን ነገር በሠንጠረዥ ለማቅለል ሞክረዋል። እንግሊዞች ገቢው መካከለኛ ከሆነ ወላጅ ለአንድ ልጅ ከጠቅላላ ገቢው 12 በመቶ፣ ለሁለት 16፣ ለሦስትና ከዚያ በላይ 19 በመቶ ብለው ያሰላሉ። ጀርመኖች በፈረንጆች አቆጣጠር ከ1960ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ በየጊዜው የሚታደስ የዱሰልዶርፍ ሠንጠረዥ የሚባል አላቸው፤ ዳኞቻቸው የልጁን ዕድሜና የወላጁን ገቢ አገናኝተው ያነቡታል። ጥሩ ነው። ነገር ግን ሠንጠረዡ የሚሠራው ገቢው ከታወቀ ብቻ ነው። መሰላና ጡሎ፣ ዶባና ሀብሮ ውስጥ ያለን ገበሬ ገቢ የቱ ወረቀት ያሳያል? 19 በመቶ የምን? እዚህ ችግሩ ስሌቱ ላይ ሳይሆን ከስሌቱ በፊት ነው።

ስለዚህ ነው መምህሩ በትንሿ ደመወዙ ሙሉ በሙሉ የሚከፍለው፣ ጫት ያለው ግን በደብዳቤ የሚያመልጠው። ለመምህሩም ሕጉ ጥላ አለው፤ በግል ድርጅት ለሚሠራ እንኳ የአሠሪና ሠራተኛ ሕጉ ከወር ደመወዙ በአንድ ጊዜ ከሲሶ በላይ እንዳይቆረጥበት ይከለክላል። የሚታየው ገቢ በሕግ ተለክቶ ይቆረጣል፤ የማይታየው ገቢ በግምት ተድበስብሶ ይቀራል። በወረዳችን ውስጥ ሁለት ዓይነት አባት፣ ሁለት ዓይነት ልጅ ያፈራው ይህ ነው።

አሁን አንድ ነገር ልጠይቅ። ጫት በእውነት አይገመትም? ከሂርና እስከ ገለምሶ ባለው መንገድ ማንም የሚያውቀው ነገር አለ። ነጋዴው ማሳው ድረስ ይመጣል፤ በረድፎቹ መካከል ይሄዳል፣ ቅርንጫፉን ሳብ አድርጎ ቡቃያውን ያያል፤ ከዚያ ገና ያልተቆረጠውን ጫት እንዳለ በዓይኑ ገምቶ ዋጋ ይጠራል። ገበሬው ይጨምራል፣ ነጋዴው ይቀንሳል፣ ይስማማሉ። ስንት ዙርባ እንደሚወጣው ከመቆረጡ በፊት ያውቁታል። በጋ ላይ ውሃ የሚያገኝ ማሳ ዋጋው ሌላ ነው፤ ክረምት ላይ ጫት በየቦታው ሲለመልም ዋጋው ይወርዳል። ይህን ሕፃናት ሳይቀሩ ያውቁታል። በገበያችን በየቀኑ የሚገመት ነገር ችሎት ሲገባ የማይታወቅ የሚሆነው ለምንድን ነው?

የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ዳኛው ቦታው ድረስ ሄዶ እንዲያይ፣ ካልቻለም አጣሪ እንዲልክ ይፈቅድለታል። ይህ በድንበር ክርክር በየጊዜው ይደረጋል፤ ለአንድ ክንድ መሬት ዳኛ ከመኪና ወርዶ ይሄዳል። ለልጅ ቀለብ ሲሆን ግን የቀበሌ ደብዳቤ ይበቃል ይባላል። አይበቃም። ገበሬውም ነጋዴውም የሚያምኗቸው ሁለት ገማቾች ግማሽ ቀን ማሳው ላይ ቢውሉ የደብዳቤው ውሸት ይገለጣል። አዲስ አበባ ውስጥ የፌዴራሉ ፍርድ ቤት የቤተሰብ ችሎቶች ልጅ ማን ያሳድግ የሚለውን ሲወስኑ የማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያ ቤት ድረስ ሄዶ አጥንቶ እንዲያቀርብ የሚያደርጉበት ልምድ አለ። እኛ ጋ ባለሙያው ባይኖር ጫት የሚገምት ሰው አናጣም።

ሌላው ጉዳይ የወሩ ነገር ነው። ቀለብ የሚለው ቃል ራሱ ድሮ የሚሰፈር እህል ነበር፤ ለወታደሩም፣ ለባለሟሉም በቁና የሚሰጥ። ዛሬ በየወሩ እኩል ብር ብለን ጫንቃው ላይ እናስራለን። ገበሬ በየወሩ እኩል አያገኝም። ማሽላው የሚገባው በኅዳርና በታኅሣሥ ነው፤ ጫቱ የሚቆረጠው በዙር ነው። ዳኛ «አዝመራ ሲገባ ይህን ያህል ኩንታል ማሽላ ስጥ፤ ጫት በተቆረጠ ቁጥር ይህን ያህል ብር በባንክ አስገባ» ብሎ ቢወስን ልጆቹ ጎተራቸው አይጎድልም፤ አባትየውም «በዚህ ወር የለኝም» የሚል ሰበብ አያገኝም። ሕጉ የሚለው እንደ አካባቢው ልማድ ነው አልን አይደል? የእኛ ልማድ ይህ ነው።

ስለ ሚስትየዋ ቀለብ ብዙ ሴቶች ተሳስተው ስለማያቸው ግልጽ ላድርገው። ፍቺ ከተፈረደ በኋላ ባልየው ለቀድሞ ሚስቱ ዕድሜ ልክ ቀለብ ይቆርጣል የሚል ነገር በሕጋችን የለም። የእሷ ቀለብ በጋብቻው ውስጥና ፍቺው እየታየ ባለበት ጊዜ ነው። ስለዚህ የፍቺ ማመልከቻ በገባበት ቀን ለራሷም ለልጆቿም ጊዜያዊ ቀለብ መጠየቅ አለባት፤ ፍርድ ቤቱም ወዲያው ትእዛዝ መስጠት ይገባዋል። ክርክሩ ዓመት ሊፈጅ ይችላል፤ ያ ዓመት በጎረቤት ዱቄት ማለፍ የለበትም። ከፍቺ በኋላ የሚያቆማት የጋራ ንብረቷ ድርሻ ነው። ያ የጫት ማሳ በጋብቻ ዘመን የተተከለ ከሆነ እሷም ውሃ የቀዳችበት፣ ያረመችበት፣ ገበያ ያወጣችው ነው። ለፍቺው ጥፋተኛው እሱ ከሆነ ፍርድ ቤቱ ካሳ ሊያስከፍለውም ይችላል። ይህን ሳትጠይቅ በሽማግሌ «እግዜር ይስጥልኝ» ብላ የወጣች ሴት ብዙ አይቻለሁ።

አብዛኛው የዞናችን ሰው ሙስሊም ነውና ወደ ቃዲ የሚሄደውም ብዙ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 34 ንዑስ አንቀጽ 5 ይህን ፈቅዷል፤ ነገር ግን በሁለቱም ፈቃድ ነው። አንዷ ወገን ካልፈቀደች ጉዳዩ በመደበኛው ፍርድ ቤት ይታያል። በሸሪዓው የልጅ ነፈቃ፣ ማለትም ቀለቡ፣ የአባት ዕዳ ነው፤ እናት የራሷ ሀብት ቢኖራት እንኳ ከአባት ላይ አይነሳም። ልትመለስ በምትችልበት ፍቺ ደግሞ እስከ ዒዳዋ (የመጠበቂያ ጊዜዋ) ማብቂያ፣ እርጉዝ ከሆነች እስክትወልድ ነፈቃዋ በእሱ ላይ ነው። ሃይማኖቱን ጠቅሶ ከቀለብ የሚሸሽ ሰው ሃይማኖቱን አላነበበም።

ብሩ ደግሞ ይቀልጣል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ፤ የዘይቱም የመድኃኒቱም ዋጋ አብሮ ሄደ። በ2014 የተፈረደ ቀለብ ግን ያው ነው። ሕጉ እዚህ ላይ በሩን ክፍት ትቷል፤ የቀለብ ውሳኔ እንደ ሌላ ፍርድ ተቆልፎ አይቀርም፤ ሁኔታው ሲለወጥ በማንኛውም ጊዜ ይሻሻላል፤ አባትየውም ከታመመ ወይም ማሳው ከደረቀ ሊያስቀንስ ይችላል። ሴቶቻችን ግን ፍርድ አንዴ ወጥቷል ብለው ይቀመጣሉ። የተፈረደላት ሴት ሌላም ልትጠነቀቅበት የሚገባ ነገር አለ። በፌዴራሉ ሕግ የተጠራቀመ ቀለብ ሦስት ወር ሳይጠየቅ ካለፈ፣ ለኑሮ የሚያስፈልግ መሆኑ ካልተረጋገጠ በቀር ይቀራል። «አንድ ቀን ይከፍላል» ብሎ መጠበቅ ያስቀራል። የአፈጻጸም መዝገብ በጊዜ መክፈት ነው። ለዳኝነት መክፈያ ከሌላት በደሃ ደንብ ታመልክት። በቂ ምክንያት ሳይኖረው ቀለብ የሚከለክል ሰው በ1996ቱ የወንጀል ሕግም እንደሚጠየቅ ይወቅ።

ለአባቶችም አንድ ነገር ልበል፤ ብዙዎቹ ወንድሞቼ ናቸውና። «ልጄን ካላሳየችኝ አልከፍልም» የሚለው ንግግር በየሻይ ቤቱ ይሰማል። ልጅን የማየት መብት አለ፤ ከከለከለችህ ፍርድ ቤት ጠይቅ፤ ያስፈጽምልሃል። ቀለቡ ግን የመታያ ዋጋ አይደለም፤ ልጁ የሚበላው ነው። እንዲሁም ከጋብቻ ውጭ የተወለደው ልጅ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ከሌላው ልጅህ እኩል ነው።

ዳኞቻችንን የምለምነው አንድ ነገር ነው። መዝገቡ ላይ የቀበሌ ደብዳቤ ብቻ ሲታያችሁ ማሳው ድረስ ሰው ላኩ። ጫት አለው ወይስ የለውም፣ ምን ያህል ነው፣ ውሃ ያገኛል ወይስ አያገኝም ብላችሁ አስጠይቁ። የቀበሌ ኃላፊዎችም ስለ ጎረቤታችሁ ደብዳቤ ስትጽፉ ማሳው ላይ ያለውን ጫት አትርሱት።

ጎረቤቴ በመስከረም ወር ቀለቡ እንዲሻሻል አመልክታለች። ጫቱን የሚያይ ገማች እንዲላክም ጠይቃለች። በእርሳስ የተጻፈችው ደብተር ከማመልከቻው ጋር ተያይዛለች።