ፎሊክ አሲድን ወደ ጋይንት የሚያደርሰው ጨው ነው

የፊዚክስ መምህር በሥነ ሕይወት ጉዳይ ምን ጥልቅ አደረገው የሚል አንባቢ አይጠፋም። ያደግሁት ንፋስ መውጫ ነው፤ ጉዳዩም የጋይንት እናቶችን ይመለከታል።

በፅንስ ሕዋሳት ሁሉ ውስጥ ያለው ዘረ-መል አንድ ዓይነት ነው። አንዱ ሕዋስ አንጎል፣ ሌላው ጉበት የሚሆነው የትኛው ዘረ-መል እንደሚነበብና የትኛው እንደሚዘጋ የሚወስኑ ኬሚካላዊ ምልክቶች ስላሉ ነው። ኤፒጄኔቲክስ የእነዚህ ምልክቶች ጥናት ነው። ከምልክቶቹ ዋነኛው ሜቲል ይባላል፤ አንድ የካርቦንና ሦስት የሃይድሮጂን አተሞች ያሉት ሲሆን በዲ ኤን ኤው ላይ፣ እንዲሁም ዲ ኤን ኤው በሚጠመጠምባቸው ሂስቶን በተባሉ ፕሮቲኖች ላይ ይለጠፋል።

ምልክቱ ሲዛባ ምን እንደሚከተል እ.ኤ.አ. በ2012 የወጡ ጥናቶች አሳይተዋል። በሕፃናት የአንጎል ግንድ ላይ በሚወጣው እጅግ አደገኛ ዕጢ፣ በአብዛኞቹ ሕሙማን ዘንድ፣ በሂስቶን 27ኛ ቦታ ላይ የሚገኘው ላይሲን በሜቲዮኒን ተተክቶ ተገኘ። በዚህ የተነሣ ዘረ-መሎችን የሚዘጋው ምልክት በእጅጉ ይቀንሳል፤ እድገቱን ጨርሶ ወደ ሥራው መሰማራት የነበረበት ሕዋስም መባዛቱን ይቀጥላል። ለውጡ በአጋጣሚ የሚደርስ እንጂ እናት በልታ ወይም ሳትበላ የምታመጣው አይደለም። ልጅ በታመመ ቁጥር እናትን መውቀስ ልማዳችን ስለሆነ ይህን ማስመር እወዳለሁ።

ልንከላከለው የምንችለው ሌላ የአንጎል ጉዳት ግን አለ። የአንጎልና የሕብለ ሰረሰር መነሻ የሆነው ቱቦ የሚዘጋው በተፀነሰ በ28 ቀን ገደማ ነው። ሕዋሳት ሜቲልን ለማዘጋጀትም ሆነ ዲ ኤን ኤን ለመገንባት የሚያስፈልጋቸው ፎሌት የተባለው ቫይታሚን ካነሰ ቱቦው ሳይዘጋ የመቅረቱ ዕድል ይጨምራል። ቀደም ሲል ይህ ጉዳት ያለበት ልጅ የፀነሱ እናቶች ከእርግዝና በፊት ጀምረው ፎሊክ አሲድ ቢወስዱ ችግሩ የመደገሙ ዕድል በ72 በመቶ እንደሚቀንስ እ.ኤ.አ. በ1991 የታተመ ጥናት አረጋግጧል። በአገራችን፣ በአዲስ አበባ ማስተማሪያ ሆስፒታሎች ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት ከ10,000 ወሊዶች ከ60 በላይ በሚሆኑት ላይ ጉዳቱን አግኝቷል። ከፍተኛ ቁጥር ነው።

በ28ኛው ቀን ብዙዋ እናት መፀነሷንም አታውቅም። ስለዚህ በእርግዝና ክትትል ወቅት የሚሰጠው ክኒን ለደም ማነስ ቢጠቅምም ለዚህ ዘግይቶ ይደርሳል። እ.ኤ.አ. በ2022 በፋብሪካ የስንዴ ዱቄት ላይ ፎሊክ አሲድ መጨመር ግዴታ መሆኑ መልካም ነው። ይሁንና የጋይንት ገበሬ የራሱን ገብስ በሰፈሩ ወፍጮ ቤት አስፈጭቶ የሚመገብ ነው፤ የፋብሪካ ዱቄት ከከተማው ዳቦ ቤት ብዙም አይዘልቅም።

ጨው ግን ይደርሳል። ከአፋር ተነሥቶ ሽቅብ እስከ ጉና ግርጌ የማይገባበት ጓዳ የለም። እንቅርትን ለመከላከል እ.ኤ.አ. በ2011 አዮዲን በሕግ የገባው በዚሁ በጨው ነው፤ ፎሊክ አሲድም በዚሁ ይከተል ባይ ነኝ። ፎሊክ አሲድ ጨውን ወደ ቢጫ ስለሚወስደው ጓዳዋን የምታውቅ እናት ብትጠራጠር አይፈረድባትም፤ አስቀድሞ ማስረዳት ይገባል። ጆንያው ተከፍቶ ፀሐይና ዝናብ በሚመታው ገበያ ውስጥ ስንት ወር እንደሚቆይም መለካት አለበት። ለዚህ የሚያስፈልገው የብርሃን መምጠጥን የሚለካው መሣሪያ ነው፤ የሁለተኛ ዓመት የኬሚስትሪ ተማሪም ይሠራበታል። የንፋስ መውጫን ጨው ለማምጣት እኔ ዝግጁ ነኝ።