የቁርጠኝነት ነጋዴዎች

ጳጉሜን ስትገባ የቁርጠኝነት ገበያ ይደራል። ሬዲዮው «በአዲሱ ዓመት ምን ልታቆሙ አስባችኋል?» ብሎ ይጠይቃል፤ ደዋዩም ሲጋራውን፣ ጫቱን፣ ቤቲንጉን ይዘረዝራል። አነቃቂ ተናጋሪው አዳራሽ ይከራያል። አስፋልት ዳር በተነጠፈው ላስቲክ ላይ የስብዕና ግንባታ መጻሕፍት ይደረደራሉ። አቀራረባቸው ቢለያይም ስብከታቸው አንድ ነው፦ ያልተውከው ስላልቆረጥክ ነው፤ ከልብህ ብትፈልግ ኖሮ እስካሁን ትተኸው ነበር። «ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም» የሚለው ተረትም ለዚሁ ይጠቀሳል።

ይህ ስብከት ግማሹ ባዶ፣ ግማሹ ጎጂ ነው።

ባዶነቱ ከሁሉ በላይ በሚደጋገመው «ልማድ በ21 ቀን ይቀየራል» በሚለው አባባል ይታያል። የቁጥሩ መነሻ አሜሪካዊው የፕላስቲክ ቀዶ ሕክምና ሐኪም ማክስዌል ማልትዝ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960 ባሳተመው «ሳይኮ ሳይበርኔቲክስ» በተሰኘው መጽሐፉ፣ ታካሚዎቹ አዲሱን መልካቸውን ለመልመድ ቢያንስ 21 ቀን ያህል እንደሚፈጅባቸው ጻፈ። ሰውየው ያወራው ከአዲስ አፍንጫ ጋር ስለ መላመድ ነበር፤ ተናጋሪዎቻችን ግን የሃያ ዓመት ሲጋራ ማስተዊያ አደረጉት። በለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ፊሊፓ ላሊና ባልደረቦቿ 96 ሰዎችን ለ12 ሳምንት ተከታትለው እ.ኤ.አ. በ2010 ያሳተሙት ጥናት የሚናገረው ሌላ ነው። ከምሳ ጋር ፍራፍሬ እንደ መብላት ያለ ቀላል ነገር እንኳ ሳያስቡት የሚደረግ ልማድ እስኪሆን የሚፈጀው ጊዜ መካከለኛ ግምቱ 66 ቀን ነው፤ እንደየሰዉ ደግሞ ከ18 እስከ 254 ቀን ይደርሳል። አንድ ቀን መዝለልም ይህን ያህል ወደኋላ አልመለሳቸውም።

እንግዲህ መስከረም 1 ቀን አቁሞ መስከረም 22 ላይ ሲጋራ የለኮሰውን ሰው አስቡት። በጥናቱ ሚዛን ገና መንገድ ላይ ነው፤ ነገ ይቀጥላል። በአነቃቂው ሚዛን ግን ወድቋል፤ ከልቡ አልነበረም ማለት ነው። የስብከቱ ጉዳት እዚህ ላይ ነው። ሰውየው በራሱ ያፍራል፤ ያፈረ ሰው ይደበቃል፤ ተደብቆ ያጨሰውን ደግሞ ማንም ሊያስቆመው አይችልም።

ቃሚዎች «የምርቃና ዕቅድ» እያሉ የሚስቁበት ነገር አላቸው። አሥር ሰዓት ላይ ፎቅ ይሠራል፣ ድርጅት ይከፈታል፤ በማግስቱ ጠዋት አንዱም የለም። የአዳራሹ ወኔም ያው ምርቃና ነው። ጭብጨባው ሲበርድ ሰውየው ወደዚያው ሰፈር፣ ወደዚያው ጓደኛ፣ ወደዚያው የስምንት ሰዓት በርጫ ይመለሳል።

ሰፈርና ጓደኛ ምን ያህል ኃይል እንዳላቸው የቬትናም ጦርነት አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ1971 ወደ አገራቸው የተመለሱትን የአሜሪካ ወታደሮች ያጠናችው ሊ ሮቢንስ፣ ከአምስቱ አንዱ ያህል ቬትናም ሳለ የዕፅ፣ በተለይም የሄሮይን ሱሰኛ እንደነበር አገኘች። ከእነዚህ መካከል አገራቸው በገቡ በመጀመሪያው ዓመት እንደገና ሱሰኛ የሆኑት ግን ከመቶ አምስት ያህሉ ብቻ ነበሩ። አውሮፕላን ላይ ሲወጡ የብረት ፈቃድ አልታደላቸውም። ርካሹ ሄሮይን፣ የጦር ሜዳው ጭንቀትና አብሯቸው የሚወስደው ጓድ ከኋላቸው ቀሩ፤ ከመሳፈራቸው በፊትም ሽንታቸው ይመረመር ነበር።

ለዚህ እስከ ቬትናም መሄድም አያሻም። ክትፎ ሲያይ ምራቁን የሚውጥ ሰው በሁዳዴ 55 ቀን ከሥጋና ከወተት ይርቃል። መነሻው እምነቱ ነው፤ ነገር ግን እምነቱ ብቻውን አልተተወም። ብዙው ሉካንዳ ይዘጋል፣ ምግብ ቤቱ የጾም በያይነቱ ያቀርባል፣ ቤቱ ሽሮ ይሠራል፣ ጎረቤቱ አብሮት ይጾማል። በረመዳንም በቀን አንድ ፓኮ የሚጨርሰው ሰው ከንጋት እስከ መግሪብ ሲጋራ ሳይነካ ይውላል፤ ኢፍጣር የሚጠብቀው ብቻውን አይደለምና። ደመወዙ ሳምንት የማይቆይለት ሰው በዕቁብ ቤት ይሠራል፤ ዕጣው ወጥቶለት መክፈል ቢያቆም ዳኛው ይጠራዋል፣ ዋሱም ይጠየቃል። ከልቡ መቆጠብ ይፈልግ እንደሆነ ማንም አይመረምረውም። አባቶቻችን የሰውን ድካም ስለሚያውቁ፣ ራስን መግዛትን በቀጠሮ፣ በዋስና በማኅበር አሰሩት። የዛሬው ስብከት ያንን ገመድ በጥሶ ግለሰቡን ብቻውን ያቆመውና «ጠንክር» ይለዋል።

«ታዲያ የሰውየው ኃላፊነት የት ሄደ?» የሚል አይጠፋም። የትም አልሄደም፤ ሰዓቱ ነው የተቀየረው። ስምንት ሰዓት ላይ ጫቱ ተዘርግቶ ጓደኞቹ እየጠሩት እምቢ ማለት የጀግና ሥራ ነው። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ፣ ልቡ ሳይሸፍት፣ ለስምንት ሰዓት ሌላ ቀጠሮ መያዝ ግን የማናችንም አቅም ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 ዊልሄልም ሆፍማንና ባልደረቦቹ ያሳተሙት ጥናትም፣ ራሳቸውን በመግዛት የተሻሉ ሰዎች ከክፉ ምኞት ጋር ግብግብ የሚገጥሙት ከሌላው ባነሰ ቁጥር እንደሆነ አሳይቷል። ጎበዝ የምንለው ሰው ፈተናውን ከመምጣቱ በፊት ያራቀው ነው።

የቁርጠኝነት ስብከት አንድ ሌላ ተጠቃሚ አለው፤ ሻጩ። ጥፋቱ ሁሉ የሰውየው ድክመት ከሆነ የቤቲንግ ቤቱ ንጹሕ ነው፤ ነጠላ ሲጋራ የሚቸረችረውም ንጹሕ ነው። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አግዷል፤ ሲጋራን በነጠላ መሸጥንም ከልክሏል። ሕግ አውጪው እንኳ ፈተናው ከሰውየው ደጅ መራቅ እንዳለበት ገብቶታል። ነጠላው ሲጋራ ግን ዛሬም በየመንገዱ ይሸጣል። ወጣቱን «ፈቃድህ ደካማ ነው» ብሎ የሚወቅሰው መድረክ ስለዚህ ሽያጭ ለምን ዝም ይላል?

ስለዚህ ትኬት የቆረጠ ሁሉ ተናጋሪውን ይጠይቅ፦ ከአዳራሹ ስወጣ ማን ይከታተለኛል? ፈተናው በሚመጣበት ሰዓት የት እሆናለሁ? መልስ ከሌለው ገንዘቡን ይመልስለት። ቤተሰብም «አታፍርም ወይ?» ማለቱን ይተው፤ ወንድሙ ላቆም ነው ካለው፣ ስምንት ሰዓት ሲሆን ሄዶ ይውሰደው።