ምስክር ወረቀት ስለ ምን ይመሰክራል?

አባትና እናት ልጃቸውን አሳድገው ካስተማሩ በኋላ የሚያስጨንቃቸው ትልቁ ነገር፥ ልጁ በምን ሥራ እንጀራውን ይበላል የሚለው ነው። ቀድሞ የገበሬ ልጅ ሞፈር ይጨብጥ፥ የደብተራ ልጅ ዳዊት ይደግም፥ የሹም ልጅም ደጅ ይጠና ነበር። ዛሬ ግን ከትምህርት ቤት የሚወጣው ወጣት ብዙ፥ የሥራው በር ግን ጠባብ ስለ ሆነ፥ ወላጆች በየቤታቸው ሲመክሩ ያመሻሉ። በዚህ ሳምንት ስለ ኮምፒዩተር ኔትወርክ ትምህርትና ስለ ምስክር ወረቀቱ ለመጻፍ ያሰብነው፥ ነገሩ በራሳችን ቤተ ሰብ ስለ ደረሰና ምክሩን በገንዘብም በእንባም ስለ ገዛነው ነው።

ዓምና በግንቦት ወር ታላቅ እኅታችን የዕቁብ ዕጣ ደርሷቸው፥ ገንዘቡን በመቀነታቸው ጠቅልለው ወደ ቤታችን መጡ። ገንዘቡ የሚያፈሰውን የቤታቸውን ቆርቆሮ ለማስለወጥ ሁለት ዓመት የጠበቁት ነበረ። «ወንድም ዓለም» አሉን፤ «ልጁ ፈተና እቀመጣለሁ ይላል፥ ዋጋው 300 የአሜሪካ ዶላር ነው ይላል። አንተ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነህ፥ ወረቀት ታውቃለህ፤ ይህ ወረቀት እንጀራ ይሆናልን?»

መልስ ከመስጠታችን በፊት ነገሩን መረመርን። በአንድ ከተማ ባንክ ገንዘቡን ያስቀመጠ ሰው በሌላ ከተማ ቅርንጫፍ ሊያወጣ የሚችለው፥ የባንኩ ኮምፒዩተሮች እርስ በርሳቸው ስለሚነጋገሩ ነው። በአንድ ቤት ያሉትን ኮምፒዩተሮች የሚያገናኘው መሣሪያ ስዊች ይባላል፤ ከአንዱ ኔትወርክ ወደ ሌላው መንገድ የሚመራው ደግሞ ራውተር ይባላል። እነዚህን የሚተክልና ሲበላሹ የሚያቃና ባለሙያ በየመሥሪያ ቤቱ፥ በየሆስፒታሉና በየባንኩ ያስፈልጋል።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1984 የተመሠረተው ሲስኮ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ፥ ይህን ሙያ የሚጀምሩ ሰዎች የሚፈተኑበትን ሲሲኤንኤ የተባለ ምስክር ወረቀት በ1998 አቆመ። ከ2020 ወዲህ የሚሰጠው ፈተና 120 ደቂቃ ይፈጃል፤ አንድ ጊዜ ያለፉትንም ጥያቄ ተመልሶ ማረም አይቻልም። ትምህርቱ በስድስት ክፍል የተከፈለ ሲሆን፥ ትልቁ ክፍል ከመቶ 25 የሚይዘው፥ መልእክት ከኔትወርክ ወደ ኔትወርክ መንገዱን የሚያገኝበት ነው። ለመፈተን ዲግሪ አይጠየቅም፤ ነገር ግን ምስክር ወረቀቱ የሚጸናው 3 ዓመት ብቻ ስለ ሆነ፥ ከዚያ በፊት ካልታደሰ ይሞታል።

የእኅታችን ልጅ ስምንት ወር ሙሉ በአሮጌ ኮምፒዩተር ሲማር አይተነዋል። ራውተርና ስዊች የሚገዛበት ገንዘብ ስላልነበረው፥ ሲስኮ ለተማሪዎች በነፃ በሚሰጠው ፓኬት ትሬሰር በተባለው ፕሮግራም፥ በመስተዋቱ ላይ ኔትወርክ እየሠራና እያፈረሰ ይለማመድ ነበር። መብራት በጠፋ ጊዜም በወረቀት ላይ ቁጥር ይከፋፍላል። ይህን አይተን «እትዬ፥ ይክፈሉለት» አልናቸው።

ፈተናው ሦስት ሳምንት ሲቀረው ግን ሌላ ነገር መጣ። አንድ ሰው ልጁን አግኝቶ «ጥያቄውን ከነመልሱ እሸጥልሃለሁ፤ ሸምድደህ ግባ» አለው። እኅታችን ይህን በሰሙ ጊዜ «የጣራዬ ገንዘብ በከንቱ ከሚጠፋ ቢገዛው ምን አለበት?» አሉ። እውነቱን ለመናገር እኛም ወዲያው አልተቆጣንም፤ የሚያፈሰውን ቆርቆሮ አስበን ዝም አልን። የመለሰልን ልጁ ነው። «ጋሼ፥ በችሎት ፊት ያላየውን አየሁ የሚል ሰው ምን ይባላል?» አለን። «ሐሰተኛ ምስክር ይባላል» አልነው። «እንግዲያው ይህ ወረቀት ስለ እኔ በሐሰት እንዲመሰክር ትፈቅዳላችሁን?» አለ። አፍረን አንገታችንን ደፋን።

ያን ጊዜ ከቅኔ ቤት የምናውቀው ነገር ትዝ አለን። የሌላውን ቅኔ ሸምድዶ የራሱ አስመስሎ የሚያሰማ ተማሪ ነበረ፤ መምህሩ ግን አይቆጡትም፥ «ሰሙን ከወርቁ ለይልኝ» ይሉታል እንጂ። ወዲያው አፉ ይያዛል። የፈተና መልስ ገዝቶ የተገኘ ሰውም ምስክር ወረቀቱ ሊሰረዝበት፥ ከዚያም ወዲያ እንዳይፈተን ሊከለከል ይችላል።

ልጁ በሰኔ ተፈትኖ ወደቀ። ገንዘቡ አይመለስም፤ ድጋሚ የሚፈተን ሰውም ሙሉውን ዋጋ እንደ ገና ይከፍላል። በዚያ ክረምት በእኅታችን ቤት በየማዕዘኑ ሳፋ ተደቅኖ ነበር፤ እኅታችንም እስከ መስቀል ድረስ ከሰላምታ በቀር ብዙ አላነጋገሩንም። ነገር ግን የውጤቱ ወረቀት በየትኛው ክፍል እንደ ደከመ ያሳይ ስለ ነበር፥ ልጁ ድካሙ በዚያ በትልቁ ክፍል መሆኑን ዐወቀ። ቀን በቀን ሙያተኞች ዘንድ ኬብል እየጎተተ ገንዘብ አጠራቀመ፥ ማታ ማታ የደከመበትን አጠና፤ በጥር ወር በራሱ ገንዘብ ተፈትኖ አለፈ።

በመጋቢት ወር ለሥራ በቀረበ ጊዜ ጠያቂው ምስክር ወረቀቱን አየት አድርጎ ወደ ጎን አኖረው፤ ባዶ ወረቀትም ሰጥቶ፥ «192.168.10.0 ብሎ የሚጀምረውን የ256 አድራሻ ኔትወርክ ለአራት ክፍሎች እኩል አካፍል» አለው። ልጁም እያንዳንዱ ክፍል 64 አድራሻ እንደሚደርሰው፥ የመጀመሪያው የኔትወርኩ መጠሪያ፥ የመጨረሻው ለሁሉም በአንድነት የሚነገርበት ስለ ሆነ ለኮምፒዩተሮች የሚተርፈው 62 እንደ ሆነ ጻፈ። መጨረሻው 130 የሆነው አድራሻም ከ128 እስከ 191 ባለው በሦስተኛው ክፍል እንደሚገኝ አስረዳ። ከእርሱ በፊት የገባው ወጣት ያንኑ የምስክር ወረቀት ይዞ ነበር፤ ባዶውን ወረቀት ግን ባዶውን መልሶ ወጣ። ወረቀቱን በምን እንዳገኘው አናውቅምና አንፈርድበትም።

እንግዲህ ወላጆች ሆይ፥ ከዚህ የተማርነውን እንንገራችሁ። አስቀድሞ፥ ልጁ ወይም ልጂቱ ከመክፈላችሁ በፊት የሠራውን ኔትወርክ እንዲያሳያችሁ ጠይቁ፤ ነገሩ ባይገባችሁም፥ የሚያውቅ ሰው አስረድቶ አይታክትምና ትለዩታላችሁ። ሁለተኛ፥ ፈተናው በአማርኛ አይሰጥምና የእንግሊዝኛው ትምህርት ቸል አይባል። ሦስተኛ፥ የአንድ ጊዜ ሳይሆን የሁለት ጊዜ ፈተና ገንዘብ አስቡ፤ ከሌላችሁም ጊዜውን አርቁት እንጂ የቤታችሁን ጣራ አታስይዙ። አራተኛ፥ ወረቀቱ በር ይከፍታል እንጂ ወንበር አያወርስም። የእኅታችን ልጅ ዛሬ ትልቅ ሹም አይደለም፤ መሰላል ላይ ወጥቶ ኬብል ይስባል፥ በየኬብሉ ጫፍ ቁጥር ይለጥፋል፥ መስመር በተቋረጠ ሌሊትም ይጠራል። ደመወዙ መጠነኛ ነው፤ ከሦስት ዓመት በኋላም እንደ ገና ይፈተናል።

ባለፈው እሑድ ወደ እኅታችን ቤት ሄደን ነበር። የጣራው ግማሽ አዲስ ቆርቆሮ ለብሷል፥ ግማሹ ገና ነው። እትዬ ቡና እያፈሉ ሽቅብ አይተው፥ «የቀረውን ከመጪው ክረምት በፊት አደርሳለሁ ብሎኛል» አሉን። እኛም ሳፋው ከማዕዘኑ አለመነሣቱን አየን፤ ነገር ግን በውስጡ ውሃ ሳይሆን የልጁ የሥራ መሣሪያና የተጠቀለለ ኬብል ተቀምጦበት ነበር።