እንባው ሳይሆን ሚናው ይቆጠር

ስለ አሜሪካዊቷ የፊልም ተዋናይ ስለ ዶሮቲ ዳንድሪጅ የሚጻፈው አብዛኛው ጽሑፍ ቅኝቱ አንድ ነው፤ ቆንጆ ነበረች፣ ትዳሯ አልሰመረም፣ ገንዘቧ ባከነ፣ እ.ኤ.አ. በ1965 በ42 ዓመቷ ሞታ ተገኘች። አንባቢ ከንፈሩን ይመጥና ገጹን ይገልጣል። ይህ አጻጻፍ ሐዘኔታ ይምሰል እንጂ በመሠረቱ ተጠያቂውን ከተጠያቂነት የሚያድን ነው።

በ1922 በክሊቭላንድ ከተማ የተወለደችው ዳንድሪጅ ከልጅነቷ ጀምሮ ከእኅቷ ጋር እየዘፈነች ከመድረክ መድረክ የዞረች፣ ሙያዋን በላቧ የገነባች ከያኒ ነበረች። ኦቶ ፕሪሚንገር ባዘጋጀው በ1954ቱ «ካርመን ጆንስ» ዋናዋን ገጸ ባሕርይ ተጫውታ ለኦስካር የምርጥ መሪ ተዋናይት ሽልማት ታጨች። ለዚህ የበቃች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት እርሷ ናት። ሽልማቱን ግሬስ ኬሊ ወሰደች፤ ክርክሩ ግን በዚህ ላይ አይደለም። ጥያቄው «ከዚያ በኋላ ምን ሥራ ተሰጣት?» የሚል ነው። ትዌንቲዝ ሴንቸሪ ፎክስ ውል አስፈረማት፤ ቀጣዩ ፊልሟ ለተመልካች የቀረበው ግን በ1957 ነበር።

ምክንያቱ የተሰወረ አይደለም። የሆሊዉድ ኩባንያዎች በ1930 ያጸደቁት ደንብ በነጭና በጥቁር መካከል ያለን የፍቅር ግንኙነት በፊልም ማሳየትን ከልክሎ ነበር፤ ክልከላው የተነሣው በ1956 ነው። መሪ ተዋንያን ወንዶች ከሞላ ጎደል ሁሉም ነጮች በሆኑበት ኢንዱስትሪ ውስጥ ይህ ደንብ ለጥቁር ተዋናይት «ሥራ አታገኚም» ከማለት በምን ይለያል? ደንቡ ከተሻሻለ በኋላ የወጣው የ1957ቱ ፊልሟ እንኳ ከነጭ ወዳጇ ጋር ያላትን ፍቅር በግልጽ ለማሳየት አልደፈረም።

«በ‹ንጉሡና እኔ› ውስጥ የቀረበላትን ሚና ራሷ አልቀበልም ብላ የለምን?» የሚሉ አሉ። አዎን፣ ብላለች። የቀረበላት ግን ለንጉሥ በስጦታ የተላከች ባሪያ ሚና ነበር። በታላቅ እጩነት ማግስት «ወይ ባሪያ ሁኚ፣ ወይ ቤትሽ ተቀመጪ» መባል ምርጫ አይባልም። በ1963 ለኪሳራ የዳረጋትን ድህነት በግል ድክመቷ ብቻ ማሳበብ፣ እጅ እግሩን ታስሮ ወንዝ የተጣለን ሰው «ዋና አያውቅም ነበር» ብሎ እንደ መተቸት ነው።

ያንን ሽልማት አንዲት ጥቁር ሴት ለመጀመሪያ ጊዜ የተቀበለችው በ2002 ነው። ሃሊ ቤሪ በዚያ መድረክ ላይ ቆማ የዳንድሪጅን ስም ጠራች። በመካከሉ 47 ዓመታት አልፈዋል። በእነዚህ ሁሉ ዓመታት ለሽልማቱ የምትበቃ አንዲት ጥቁር ተዋናይት አልተገኘችም የሚል ካለ ወጥቶ ይናገር።

እንግዲህ ስለ ከያኒ ሕይወት የሚጽፍ ሁሉ፣ የፈሰሰውን እንባ ከመስፈሩ በፊት የተነፈገውን ሚና ይቁጠር።