ስትሮክ ጭንቅላት ላይ ብቻ አይቆምም

ባለፈው ሴሚስተር ለጤና ዘገባ ኮርስ ስለ ስትሮክ አንድ ገጽ ጽፌ ነበር። ርዕሴ "የደም ምርመራ የስትሮክን ክብደት ይናገራል" የሚል ነው። መምህራችን "ይናገራል" የምትለዋን ቃል በቀይ አክብበው "ማን ነገረህ?" ብለው መለሱልኝ። ያኔ ተናድጄ ነበር። አሁን ግን ልክ ነበሩ ባይ ነኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የአንጎል አንዱ ክፍል ደም ሲቋረጥበት በሰዓታት ውስጥ ኒውትሮፊል የሚባሉት ነጭ የደም ሴሎች በደም ውስጥ ይበዛሉ፤ ሊምፎሳይቶች ደግሞ ይቀንሳሉ። የተጎዳው አንጎል በነርቮችና በጭንቀት ሆርሞኖች በኩል የሰውነትን መከላከያ ያዳክመዋል። በርሊን ያሉ ተመራማሪዎች ይህን እ.ኤ.አ. በ2003 በአይጦች ላይ አሳይተዋል፤ የነርቩን መልእክት ፕሮፕራኖሎል በተባለው መድኃኒት ሲያግዱት በኢንፌክሽን የሚሞቱት አይጦች በጣም ቀነሱ። በሰው ላይም ጉዳቱ በከበደ ቁጥር የሁለቱ ሴሎች ልዩነት ብዙውን ጊዜ እየሰፋ ይሄዳል። ይሄ ደግሞ ከተራው የሲቢሲ ምርመራ ላይ በማካፈል ብቻ የሚገኝ ቁጥር ነው።

እኔ የሳትኩት እዚህ ላይ ነው። አብሮ መገኘት ማለት እኮ አመጣው ማለት አይደለም። ሌላ ኢንፌክሽን ያለበት ወይም ስቴሮይድ የሚወስድ ሰውም ቁጥሩ ከፍ ሊል ይችላል። የስትሮክን ክብደት ሐኪሞች የሚለኩት አልጋው አጠገብ ሆነው፣ እጅ አንሳ፣ ተናገር እያሉ ከ0 እስከ 42 በሚሰጡት ነጥብ ነው።

ታዲያ ሴሎቹ ለእኛ ለጻፊዎች ምን ያደርጉልናል? አያቴን ላንሳ፤ እማማ ነበር የምንላት። ስትሮክ ከያዛት በኋላ ያረፈችው በሳንባ ምች ነው። ቤታችን ግን እስከ ዛሬ "ስትሮክ ገደላት" ይባላል። ጋደም እንዳለች አጥሚት በማንኪያ ያጎረስኳት እኔ ነኝ። ስታስል "ትን አላት" ብለን ጀርባዋን መታ መታ አደረግንላት። ለካ መዋጥ ሲያቅት ምግቡ ወደ ሳንባ ይገባል፤ ያንን የሚመክተው ኃይል ደግሞ በዚያው ሰሞን ደክሟል።

"አንቲባዮቲክ አስቀድሞ ቢሰጥስ?" የሚል አይጠፋም። እኔም ብያለሁ። በኔዘርላንድና በእንግሊዝ የተደረጉ፣ እ.ኤ.አ. በ2015 የታተሙ ሁለት ትላልቅ ሙከራዎች ግን ተስፋ የተጣለበትን ውጤት አላገኙም፤ የመጀመሪያው የሕመምተኞቹን ማገገም አላሻሻለም፣ ሁለተኛው የሳንባ ምችን አልቀነሰም።

በሬዲዮ የምንሰማው "ፊት ሲጣመም፣ እጅ ሲዝል፣ ንግግር ሲኮላተፍ ፈጥናችሁ ሐኪም ቤት ሂዱ" የሚለው ምክር ጥሩ ነው፤ ይቀጥል። ግን ሐኪም ቤት ከተደረሰ በኋላስ? አስታማሚው እኛው አይደለን እንዴ?

ያን ጽሑፍ እንደገና ጽፌዋለሁ። ቁጥሩን ወደ መጨረሻው አንቀጽ አወረድኩት። መጀመሪያው ላይ ያለው ዓረፍተ ነገር አሁን እንዲህ ይላል፦ ለታማሚው ውኃም ሆነ አጥሚት ከመስጠታችሁ በፊት መዋጥ መቻሉ መታየቱን ጠይቁ።